የታመመ ሞተር ጥየቃ ወደ ትክል ድንጋይ

ከጎንደር ስነሣ

አያ ጫኔ የትክል ድንጋይ ገበሬ ናቸው። ነጭ ሽንኩርታቸውንና የጎረቤት እህል፣ አንዳንዴም በሽተኛ ጭነው ጎንደር የሚወርዱበት አሮጌ ፒክአፕ አላቸው። ሰሞኑን መኪናው ኃይል አጥቶ ዳገት አልወጣ አለ። ሾፌራቸው ሞላ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ሞከረው። ሁለቱን ሲነቅል ሞተሩ ምንም አልተለወጠም። "ከአራቱ ሲሊንደር ሁለቱ ሞተዋል፤ ፒስተኑ አልቋል" አላቸው። እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው መኪናውን ቁርጥራጭ ብረት ለሚገዛ ነጋዴ ሊሸጡት ተስማሙ። ነጋዴው ነገ ሊጭነው ይመጣል።

ከመሸጣቸው በፊት ግን አንድ ሰው እንዲያየው ለአለቃዬ ለጋሽ አዱኛ ደወሉ። ጋሽ አዱኛ ወገባቸውን አሟቸው ጋራዡ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል።

"ስመኝ ትሂድ" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ደነገጥኩ። እኔ መኪና ሥር መግባት እንጂ ሰው ፊት መቆም አልወድም። ከበሩ "መካኒክ አለ?" የሚል ድምፅ ስሰማ ሮጬ እሳቸውን ነው የምጠራው። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሥራውን የተማርኩት በዓይኔና በጆሮዬ ነው።

"ሄጄ ምን እላቸዋለሁ?"

"ምንም አትበይ። ንፋሱን አስገቢና ስሚ። የሰማሽውን ብቻ ትነግሪያቸዋለሽ።"

የንፋስ መለኪያውን ከነጎማ ቱቦው በቦርሳዬ ከትቼ በፒያሳ በኩል በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ በረንዳ ላይ ቆሜ ትኩስ ፓስቲ በላሁ።

ኬላው ላይ

ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ለፍተሻ ወረድን። አንድ ረጅም ጠባቂ ቦርሳዬን ከፍቶ ሰዓት የመሰለውን መለኪያና የተጠቀለለውን ጎማ አወጣ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"የ... የሞተር ነው። ንፋስ ይለካል።"

"የደም ግፊት መለኪያ አይመስልም?" ብሎ ለጓደኛው አሳየው። "ለመሆኑ ሞተርም ደም ግፊት አለበት?"

"ይኼኛው ሳይወርድበት አልቀረም" አልኩ ሳላስበው። ጠባቂው ከት ብሎ ሳቀ። "በይ ይማርልን!" ብሎ ቦርሳዬን መለሰልኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ጆሮዬ ይግል ነበር፤ ግን እኔም ፈገግ አልኩ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በባሕር ዛፍና በማሳ መካከል ይጠማዘዛል። ጤፉ ገና ወደ ቢጫነት እየዞረ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሴት ጭናቸው ላይ ያቀፉት ዶሮ በየኩርባው ይጮሃል። እሳቸውም በየኩርባው "እሰይ፣ እንኳን ጮኽህ፤ ዝም ስትል ሞትክ ብዬ ነበር" ይሉታል።

ሥራ የማይሠራበት ቀን

ትክል ድንጋይ ስወርድ ሞላ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀጭን፣ ቀልደኛ ወጣት ነው። ከእኔ ኋላ የሚወርድ ሌላ ሰው ፈልጎ አጣ።

"መካኒኩስ?"

"እኔ ነኝ።"

"በል እንግዲህ ሞላ፣ ዛሬ ጉድ ታያለህ" አለ ለራሱ። ቦርሳዬን ግን ተቀበለኝ።

የአያ ጫኔ ግቢ በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ቀኑ የወሩ ሚካኤል ነው፤ ደብራቸውም ሚካኤል ነው። እኛ ጋራዥ የወሩን በዓል እንሠራበታለን፤ እዚህ ግን እርፍ የሚነካ የለም። አያ ጫኔ ንፍሮና ጠላ አቅርበው ካስቀመጡኝ በኋላ አንገታቸውን ደፉ።

"ምነው ልጄ፣ በሚካኤል ቀን ብረት ይፈታል? ነገ እንዳልልሽ ነጋዴው ማልዶ ይመጣል።"

ያለ ሥራ ልመለስ ነው ብዬ ቦርሳዬን ሳነሣ ጥግ ላይ የተቀመጡት የዜማ መምህር፣ ሁሉም የኔታ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ጠሩኝ።

"ምንድን ነው የምትሠሪው፣ ልጄ?"

"ሞተሩን አላወርድም፣ የኔታ። አራት ካንዴላ ፈትቼ ንፋስ አስገባለሁ። ከዚያ ንፋሱ በየት እንደሚያመልጥ እሰማለሁ።"

"ትሰሚያለሽ ብቻ?"

"እሰማለሁ ብቻ።"

የኔታ ጥቂት አሰቡ። "እንግዲህ ይኼ የታመመ መጠየቅ ነው። የታመመ መጠየቅ በበዓል ቀን ይደገፋል እንጂ አይከለከልም። መዶሻ ካነሣሽ ግን ከእኔ ጋር ነው ጠብሽ!"

ግቢው ሳቀ። አያ ጫኔ ከመቀመጫቸው እመር ብለው ተነሡ።

ዝም በሉ

ለበዓሉ የመጣ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሟል። ሞላ ከመኪናው የፍሬን ታንክ ንፋስ የምናገኝበትን ጎማ ስቦ አመጣልኝ። ታንኩ ሲሞላ የጭነት መኪናውን ሞተር አጠፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስና ቫልቮቹ ሲዘጉ ሲሊንደሩ አፉ እንደታሰረ ስልቻ ይሆናል። በካንዴላው ቀዳዳ የገባው ንፋስ እዚያው መቆየት አለበት። ካልቆየ፣ የወጣበት ቦታ በሽታውን ይናገራል። በጭሱ ቱቦ፣ በማርሚታው፣ ከተሰማ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው። በዘይት መሙያው ከተሰማ ፒስተኑና ቀለበቶቹ አልቀዋል፤ ያኔ ሞላ ልክ ነው፣ መኪናውም ይሸጣል።

አራቱንም ካንዴላ ፈትቼ፣ ሞቱ ከተባሉት ከሁለቱ አንዱን፣ ሁለተኛውን ሲሊንደር፣ አስቀደምኩ። በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ሸንበቆ ከትቼ፣ ፒስተኑ ሸንበቆውን እስከ ላይ እስኪገፋው ሞተሩን በመፍቻ አዞርኩ፤ ሸንበቆውን አውጥቼ የመለኪያውን ጎማ ገጠምኩና ንፋሱን ከፈትኩ። ፍሽሽሽ! በማርሚታው ጎረፈ። የመለኪያው ቀስት ወደ ዜሮ ወደቀ።

"ነግሬያችሁ ነበር፤ ሞቷል" አለ ሞላ።

"ሴት ልጅ ምን አውቃ!" አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ። አያ ጫኔ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

የወጣው ንፋስ ብዛት ግን የአንድ የተበላሸ ቫልቭ አልመስል አለኝ። በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ያህል ነው። ያኔ የጋሽ አዱኛ ቃል ትዝ አለኝ፤ ፒስተኑ ሁለቴ ይወጣል፣ አንዱ ላይ ቫልቮቹ ክፍት ናቸው። የቆምኩት በተሳሳተው ላይ ነበር። ሞተሩን በመፍቻ አንድ ሙሉ ዙር አዞርኩ።

እንደገና ከፈትኩ። ጎርፉ ጠፋ። ቀስቱ ግን አሁንም ግማሽ ድረስ ይወርዳል። አንድ ቀጭን ድምፅ አለ፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አልያዝ አለኝ። ጎረምሶቹ ይከራከራሉ፣ ሴቶቹ ይሳሳቃሉ፣ ውሻው ይጮሃል። የታንኩ ንፋስ እያለቀ ነው።

"ዝም በሉ!"

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ዞር አልኩ። የእኔ ነው። ግቢው ጭጭ አለ። የኔታ እንኳ መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ።

በዘይት መሙያው ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም የለም። በማርሚታው ምንም። የራዲያተሩ ውኃ ረግቷል። ከዚያ ጎንበስ ስል የሦስተኛው ሲሊንደር ክፍት ቀዳዳ ጉንጬ ላይ ተነፈሰ።

"አያ ጫኔ፣ ይምጡ። እጅዎን እዚህ ያድርጉ።"

መዳፋቸውን አስጠጉ። ዓይናቸው ፈጠጠ። "ኧረ ይተነፍሳል!"

"ከጎረቤቱ ነው የሚተነፍሰው። በሁለቱ መካከል ያለው የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል። አንዱ ያመቀውን ሌላው እያፈሰሰው ነው ሁለቱም የሞቱ የመሰሉት። ፒስተኑ ደህና ነው።"

በሦስተኛውም አስገብቼ ሞከርኩት፤ በሁለተኛው ተነፈሰ። አንደኛውና አራተኛው ንፋሳቸውን ይዘው ቀስቱን ቀጥ አደረጉት። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ። "ሸጋ ጆሮ ነው! እኔ ጋ ብትማሪ ኖሮ ጾመ ድጓውን ትጨርሽው ነበር።"

ሞላ ራሱን አከከ። "እኔስ ሳይሞት በቁሙ ላስቀብረው ነበር" አለና ቀድሞኝ ሳቀ።

አያ ጫኔ ስልካቸውን አወጡ። "አቶ ነጋዴ፣ እንዳትለፋ። መኪናዬ አልሞተም፣ ይተነፍሳል" አሉና ዘጉ። እልልታው እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም።

ማግስቱን

ያን ሌሊት አያ ጫኔ ቤት አደርኩ፤ የደወልኩላቸው ጋሽ አዱኛም ጓርኒሲዮኑን በመጀመሪያው ሚኒባስ ላኩልን። ቴስታው ተነሥቶ እስካየው ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ነጋዴውን ያስቀረሁት በጆሮዬ ነውና። ከሞላ ጋር ቴስታውን ስናነሣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ጥቁር የተቃጠለ ቦይ ተገኘ፤ ንፋሱ በሄደበት በኩል። ሞላ ጣቱን በላዩ ሳበና "እዚህ ጋ ነበርሽ፣ ሌባ!" አላት።

ስንጨርስ መኪናው ባንድ ቁልፍ ተነሣ። አያ ጫኔ ኮፈኑን እንደ በሬ መታ መታ አደረጉት።

ወደ ቤት

የተመለስኩት በዚያው ፒክአፕ፣ በነጭ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተደግፌ ነው። ዳገቱን ያለ ማቃሰት ወጣው። ኬላው ላይ ያ ረጅም ጠባቂ አወቀኝ።

"ደም ግፊቱስ?"

"ተስተካከለ!" አልኩት ከላይ ሆኜ፤ ቀድሞ ከሚሰማው ድምፄ ሁለት እጥፍ ጮኼ።

ጋራዥ ስደርስ ጋሽ አዱኛ ከፍራሹ ተነሥተው ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። ሞተሩን ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና "በቃ" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ዝምታዬን እንደ ጉድለት ስቆጥረው ኖሬያለሁ። በዚህ ጉዞ ግን ሥራዬ እንደሆነ አወቅሁ፤ ሞተር ለሚለፈልፍ ሰው ሕመሙን አይነግርም። ዝምታው እንዲገኝ ግን አንድ ጊዜ መጮህ ነበረብኝ።

እጄን እየታጠብኩ ሳለ ከበሩ አንድ ድምፅ መጣ።

"መካኒክ አለ?"

ጋሽ አዱኛ አልተንቀሳቀሱም፤ እኔን አዩኝ። እጄን በቱታዬ ጠረግሁ።

"አለሁ" አልኩና ወጣሁ።