አባቴ ያላላት ቃል

የወገብ ቅባት በሸተተኝ ቁጥር ጂንካ ያለው ቤታችን፣ ቁርበት ላይ በደረቱ የተኛው አባቴና አጠገቡ ተንበርክካ የምታሸው እናቴ ይመጡብኛል።

አባቴ ከጂንካ ቱርሚ አይሱዙ ይነዳ ነበር። አንድ በጋ መኪናው ተገልብጦ ወገቡን ተጎዳ፤ ተሽሎት ወደ ሥራው ቢመለስም ሕመሙ አለቀቀውም። ባለንብረቱ ከሰማ መኪናውን ይወስድብኛል ብሎ ስለሚፈራ፣ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ እናቴ ጫማውን ካሰረችለት በኋላ፣ ቀጥ ብሎ እየሳቀ ይወጣ ነበር። ሳቁ ግን ለደጅ ብቻ ነበር።

በልግ ሲገባ ይብስበት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጥርሱን ነክሶ ይተኛል፣ ማንኪያ ከወደቀ ይጮኻል፤ እኔና ወንድሜ በጥቅሻ መነጋገር ለምደን ነበር። እናቴ ሁሉን ችላ ኖረች። አንድ ቀን ግን የምታሽበትን እጇን ገፍትሮ «አንቺ ነሽ ያሳመምሽኝ!» ሲላት፣ ቅባቱን ከድና አስቀመጠችና አልዱባ ገበያ ላይ ይነግዱ ወደነበሩት አባቷ ቤት ሄደች።

ዝናቡ ሲያባራ አያቴ ይዘዋት መጡ፣ የዕድራችን ሽማግሌዎችም ተሰበሰቡ። እናቴ ጓዳ ውስጥ አቅፋኝ «ይቅርታውስ ይቅርብኝ፤ ‹ያመኛል፣ የጮኸው ሕመሜ ነው› ይበል ብቻ፣ እዚሁ እቀራለሁ» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ጥግ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ ጥፋቱ የአባቴ ነው ብለው፣ እንደ ወጉ የአያቴን ጉልበት እንዲስም አዘዙት። ተነሳ፣ ጎንበስ ማለት ጀመረና እመሃል ላይ ቀረ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ምነው ልጄ፣ ያምሃል እንዴ?» አሉት የዕድሩ ዳኛ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የመኪናው ባለቤት ወንድም ነበሩ። አባቴ አየት አደረጋቸውና ቀጥ አለ።

«እኔ? ምንም አልሆንኩም።»

«እንግዲያው ንቆኝ ነው» አሉ አያቴ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። እናቴ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ እሷም ተነሳች። ያን ቀን አባቴንም እናቴንም ጠላኋቸው።

ቅባቱን የማሸው እኔ ሆንኩ። ሕመሙን መደበቁ መኪናውንም አላተረፈለትም፤ በቀጣዩ በጋ ሰዎች ደግፈው ከመሪው ላይ አወረዱት። እናቴ ግን አልተመለሰችም።

ዛሬ እኔም ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ወገቤን ያመኛል። ልጆቼ እኔን ፈርተው በጥቅሻ ሲነጋገሩ ያየሁ ዕለት፣ ባለቤቴን ይዤ ወደ አንዲት የቤተሰብ አማካሪ ሄድኩ። «ቤት ውስጥ ስትቆጪ ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ፣ «ምንም አልሆንኩም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ያመኛል» አልኩ።

ባለቤቴ ወንበሩን ስቦ ተጠጋኝ። ቃሉን ለማውጣት የአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልፈጀብኝም። እኛን እናት ያሳጣን ይኸው ሳይባል የቀረ ቃል ነበር።