ለእንግዳ የተጠረገ ኩሬ

አልጌ፣ ማለትም ውሃ የሚያለብሰውን አረንጓዴ፣ የሚያጠና ሰው ባሕር በሌለበት አገር ምን ይሠራል እያሉ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች መርዝ ለማፍራት ባሕር አይጠብቁም፤ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ይበቃቸዋል።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ኩሬ የጠጡ ከብቶች እየተንቀጠቀጡ ይወድቁ ጀመር። ጥፋቱ የተጣለው ከኩሬው በላይ በቆሎ በሚያርሰው ገበሬ ላይ ነው። የአረም መድኃኒት የረጨበትን ዕቃ ውሃው ውስጥ አጥቧል ተባለ። ሽማግሌዎቹ የኔን ምርመራ እስኪሰሙ ታገሡ እንጂ፣ ከዕድርም ከማኅበርም ሊያስወጡት፣ እሳት የሚያቀብለው ጎረቤት እንኳ እንዳይኖር ሊያደርጉ ቆርጠው ነበር።

መንገዱ በማሳው ስለሚያልፍ ልመጣ ስል የምደውለው ለእሱ ነበር። ስደርስ ውሃው ጥርት ብሎ ይጠብቀኛል። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ሳየው አልጌው አለ፤ መጠኑ ግን በሬ የሚጥል አይደለም። ከብቶቹ ደግሞ መሞታቸውን አላቆሙም።

እኔ ሲፈጥረኝም ሰው ቶሎ አላምንም። ሰውየው ስለ ኩሬው ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል። ሚስቱ ያቀረበችልኝን ጠላ ከንፈሬን ብቻ አስነክቼ መልሼ አስቀመጥኩት። መርዙን የጨመረው እሱ ነው ወደሚለው ሐሳብ እያዘነበልኩ ነበር።

አንድ ቀን ሆን ብዬ ሳልደውል ሄድኩ። ከሩቅ ሲያየኝ ቅጠሉ ያልረገፈ ዝንጣፊ ይዞ ወደ ኩሬው ሮጠ። እኔም ቦርሳዬን አቅፌ ሮጥኩ። ቀድሜው ስደርስ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስል ነበር።

«ምንድን ነው የሚደብቁት?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ኧረ ምን እደብቃለሁ፣ እቴ! ሳይደውሉ መጥተው አሳፈሩኝ እንጂ። ይኸን የመሰለ ቆሻሻ ለእንግዳ ይታያል?»

በደወልኩ ቁጥር ሲጠርገው ኖሯል። የጠረገውንም አልጌ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረው ነበር። ተናደድኩ፤ ነጻ የሚያወጣውን ማስረጃ በገዛ እጁ ሲቀብር ኖሯላ! እውነቱን ለመናገር ያን ዕለትም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ከአረንጓዴው ውሃ የቀዳሁት ናሙና የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ ግን መርዙ የአልጌው ሆኖ ተገኘ፤ የአረም መድኃኒት ምልክት አልተገኘም።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰብስበው ሳሉ ውጤቱንም፣ ኩሬው ሲጠረግ መኖሩንም ነገርኳቸው። በሬያቸው የሞተባቸው አዛውንት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«መልካም፣ ልጄ። ውሃው ራሱ መርዝ አበቀለ እንበል። ታዲያ ይኸ ሰው ምን አስጠረገው? ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?»

ሰዉ አጉረመረመ። የያዝኩት ወረቀት ስለ መርዙ እንጂ ስለ ሰውየው አይናገርም። እኔም ራሴ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፤ ሰውየው አለቀለት ብዬ ፈራሁ።

እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። «አባቴ፣ እርስዎስ እንግዳ ሲመጣብዎ ደጅዎን አያስጠርጉም?» አላቸው።

አዛውንቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«በል ና፣ ከኔ ጎን ተቀመጥ።»

ወዲያው አልመጣም። እዚያው በቆመበት ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።