አማቴ ልትሆን የነበረችው ምስክሬ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ሐይቅ ከተማ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ክፍሌ ገባች። ማስክ አድርጌ ስለነበር አላወቀችኝም። እኔ ግን ድምጿን ገና ከበር ላይ ለየሁት።

እትየ ፋጡማ። አማቴ ልትሆን የነበረችው ሴት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጦርነቱ አምባሰል ሲደርስ የእኛም የእሷም ቤተሰብ ሸሽተን ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ተጠለልን። ልጇ፣ ማለትም እጮኛዬ፣ ለሥራ ሳውዲ ሄዶ ሪያድ ከተማ ነበር። ሴቶቹ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ የትኛዋ የወር አበባዋ መጥቶ ከሶላት እንዳረፈች ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ለወራት አንድም ቀን አላረፍኩም። በረሃብና በፍርሃት የወር አበባዬ ቀርቶ ነበር።

እትየ ፋጡማ ሶላቴን ስትከታተል ከርማ «የወታደር ልጅ አርግዛለች» ብላ አስወራች። ሆዴ አልገፋ ሲል ደግሞ ወሬውን ቀየረችው... «መካን ናት።» ልጇ በድምፅ መልእክት ቀለበቴን መልሺ አለኝ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት ሄዳ አታውቅም።

ማክሰኞ ዕለት ይዛት የመጣችው የመጨረሻ ልጇን ሐያትን ነው። ሐያት ዘንድሮ ረመዳንን በወር አበባ ምክንያት አንድም ቀን ሳታፈርስ ሙሉውን ጾመች። ጎረቤታቸው የሆነችው የእጮኛዋ እናት ይህን ልብ ብላ «ልጅቷ ምን ሆናለች?» ማለት ጀመረች። ሊታሰር የነበረው ኒካህ ቆመ።

ማስኬን አወረድኩ። እትየ ፋጡማ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

ሐያትን ለብቻዋ መረመርኳት። እርግዝና የለም፤ የደም ምርመራዋም ደህና ነው። ግን ቆዳና አጥንት ሆናለች፤ ዓይኗን በከደነች ቁጥር የመድፍ ድምፅ ያባንናታል። የእኔው በሽታ... ምን መብላት፣ እንዴት ማረፍ እንዳለባት ነግሬ ቀጠሮ ሰጠኋት።

የልጁ ቤተሰብ ከባለሙያ አፍ ካልሰማን ብሏል አሉ። «አንቺ ተምረሻል፤ መጥተሽ አስረጂልኝ» አለችኝ እናቷ መሬት መሬት እያየች። ሐያትም ለመነችኝ። እሺ አልኩ። ደግነት እንዳይመስላችሁ።

እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ እናቴን አስከትዬ ወደ እትየ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። የልጁን እናት ጨምሮ ሴቶቹ ተሰብስበዋል፤ ግማሾቹ ደሴ አብረውን የነበሩ ናቸው። አንጎላችን ሥር ባቄላ የምታህል ሃይፖታላመስ የምትባል ነገር እንዳለች ነገርኳቸው። ረሃባችንን፣ ጥማታችንን፣ ሙቀታችንን የምትመዝን እሷ ናት። ሆርሞን የሚባል መልእክት ከሥሯ ላለችው እጢ ትልካለች፤ እጢዋ ደግሞ የሴቷን እንቁላል ማፍሪያ ታዛለች። መልእክቱ ሲቆም የወር አበባም ይቆማል።

«ክፉ ቀን ሲመጣ ብልህ ሴት መጀመሪያ የምትቆልፈው የዘሩን ጎተራ ነው» አልኩ። «እሷም ቆለፈች እንጂ ዘሩ አልጠፋም።»

አንዲት አሮጊት ይህ ደርሶበት የዳነ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ስጠብቃት የነበረችው ጥያቄ።

«በራሴ ደርሷል። ስበላና ስተኛ ተመለሰልኝ። ምስክሬ እትየ ፋጡማ ናቸው።» አንቱ ማለቱን አልተውኩም፤ አሳዳጊዬን አላሰድብም።

ዞርኩባት። «እትየ፣ ደሴ እያለን አርግዤ ነበር?»

ሐያትን አየቻት። «አላረገዝሽም።»

«መካንስ ነኝ?»

ነሽ ብትል ሐያትንም መካን ማለቷ ነው... የሻርፗን ጫፍ ታፍተለትላለች። «አይደለሽም።»

«ታዲያ ያንን ሁሉ ማን አወራው?»

የእናቴ እጅ ጉልበቴ ላይ ጠበቅ ሲል ተሰማኝ።

«እኔ ነኝ» አለች እትየ ፋጡማ። «ወላሂ፣ እኔ ነኝ።»

የሐያት ኒካህ ቀን ተቆረጠለት። ለእሷ ከልቤ ደስ ብሎኛል። በማግስቱ ከሪያድ የድምፅ መልእክት መጣልኝ፤ ሳልከፍተው አጠፋሁት።

እናቱ ግን እሁድ ዕለት ስንወጣ በር ላይ እጄን ይዛ «አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» ብላኝ ነበር። እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩና እናቴን ይዤ ወጣሁ።

ክፉው ቀን ሲያልፍ ጎተራውን መልሳ የምትከፍተው ሃይፖታላመስ ናት... እኔ ሃይፖታላመስ አይደለሁም።