ስታማቲያ ክርስትና ልታነሳ ነበር

ስለ ስታማቲያ የሚጠይቀኝ ሰው ቁጭ ብሎ ይስማኝ፤ ስናደድም አይደንግጥ። ፖሊክሴኒ እባላለሁ። ከግሪኳ የወደብ ከተማ ከቮሎስ በላይ፣ ተራራው ላይ ባለችው መንደራችን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ትልልቅ ሰዎች ከእኛ ከሠራተኞቹ ጋር አብረው የሚኖሩበት ቤት አለ። ወጥ ቤቱ የእኔ ነው፤ የማልወደው ሰው እግሩን አያስገባበትም።

ስታማቲያ አርባዎቹን አጋምሳለች። አባቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ እየከተተ ነው ያሳደጋት። እሱ ሲሞት ወንድሟ አምጥቶ በራችን ላይ አወረዳት፤ የመኪናውን ሞተር እንኳ አላጠፋም፣ አፈር ያስበላው። የመጀመሪያውን ዓመት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ማንም ሳይነግራት ተነሥታ ጓዳ ትገባ ነበር።

ከዚያ ያወጣቻት ማሪያንቲ ናት፣ አልክድም። የመንደራችን ልጅ ናት፤ እኛ ቤት ለሥራ መጥታ ጓደኛዋ ሆና ቀረች። አብረው የቴሌቪዥን ድራማ ያያሉ፣ በድራማው ይጣላሉ፣ ይኳረፋሉ። ማሪያንቲ አርግዛ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ ሲያዛት ባሏ መርከብ ላይ ነበር። አማቷ ወይዘሮ አስፓሲያ ወገቤን እያሉ ብቅም አላሉ። ሾርባዬን ተሸክማ የምትመላለሰው፣ እግሯን የምታጥብላት፣ ፀጉሯን የምታበጥርላት ስታማቲያ ነበረች።

ልጅቷ በሰላም ስትወለድ ማሪያንቲ ምሳ ላይ፣ ሁላችንም ፊት፣ "ስታማቲያ፣ ልጄን ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ፤ ከእንግዲህ አበልጄ ነሽ" አለቻት። ማንም አላስገደዳትም። በገዛ አፏ ነው ያለችው።

ክርስትና እናት ጸሎተ ሃይማኖትን ማለት አለባት። ያንን የብርድ ወራት ሙሉ ድንች እየላጥን አስጠናኋት። ጲላጦስ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆምና፣ "እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ግን አያፍርም?" ትለኛለች። አያፍርም፣ ቀጥዪ እላታለሁ። ቄሱ አባ ፎቲዮስ አንድ ቀን መጥተው ሰሟትና ስድቡን ብቻ ቀንሺ፣ ሌላው ይበቃል ብለው ሳቁ። ቤታችን ከሚሸጠው የፖም ማርማላታ ከሚደርሳት ገንዘብ እያጠራቀመች ለሕፃኗ የብር መስቀል ገዛች።

የጥምቀቱ ዕለት ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻማዋን ይዛ ከፊት ቆመች። ወይዘሮ አስፓሲያ ለካ ከአቴንስ የእህታቸውን ልጅ አስመጥተው ኖሯል፤ የጥርስ ሐኪም ሚስት፣ ሽቶዋ ቤተ ክርስቲያኑን የሞላው። ለልጅቷ ነገ የሚሆናት ሰው ነው የሚያስፈልጋት ብለው ማሪያንቲን አሳምነዋት ነገሩ በስልክ አልቋል። ለስታማቲያ ግን ትንፍሽ ያለላት የለም። አባ ፎቲዮስ ክርስትና እናቷ ማን ናት ብለው ሲጠይቁ ሁለቱም ወደፊት ራመድ አሉ። ቄሱ ግራ ገብቷቸው ወደ ማሪያንቲ ዞሩ።

ማሪያንቲ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ "ከአቴንስ የመጣችው" አለች።

ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ስታማቲያ ሻማውን አስይዛኝ ወጣች። ሴትዮዋ ጸሎቱን ከስልኳ ላይ እያየች አነበነበችው። በጲላጦስ ላይ ምንም ቅሬታ አልነበራትም።

ቤት ስንገባ አንዱ ሠራተኛ ትረሳዋለች፣ ኬክ ስጧት አለ። ለእሱ የመለስኩለት እዚህ አይነገርም። እነሱ ቂም አያውቁም፣ እንደ ሕፃን ናቸው የሚሉ ሰዎች ያንገበግቡኛል። ሰው ተከድቶ ካልተናደደ መቼ ሊናደድ ነው? ስታማቲያ አልረሳችም፤ ኬኩንም አልነካችውም።

ከሳምንት በኋላ ማሪያንቲ ሕፃኗን ታቅፋ፣ በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ ለእንግዶች የሚታደለውን የክርስትናውን ከረሜላ ይዛ መጣች። እኔ በሩን ላልከፍትላት ነበር። ትግባ ያለችው ስታማቲያ ናት። ማሪያንቲ እያለቀሰች አማቷን፣ ባሏን፣ ድካሟን ሁሉ ደረደረችና፣ "በልቤ ግን ክርስትና እናቷ አንቺው ነሽ" አለቻት።

"አይደለሁም" አለች ስታማቲያ። "ያቺ ሴትዮ ናት። አንቺ ነሽ ያልሽው።"

ማሪያንቲ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ "ያደረግኩባት ነገር በደንብ ገብቷታል ወይ?" ብላ አንሾካሾከች። እኔ ሳልመልስ ስታማቲያ ቀደመችኝ።

"እኔን ጠይቂኝ። ገብቶኛል። ተናድጄብሻለሁ።"

ማሪያንቲ አንገቷን ደፍታ ልጇን ጠቅለል አደረገችና ተነሣች።

"የት ልትሄጂ ነው? ቁጭ በይ" አለቻት ስታማቲያ። "ነገም ነይ። ነገም ተናድጄ ነው የምጠብቅሽ።"

እኔ ብሆን በመጥረጊያ ነበር የማባርራት። ማሪያንቲ በማግስቱ መጣች። ስታማቲያም እንዳለችው ተናዳ ጠበቀቻት።