አዋሽ ላይ ሁለት ካፒቴን

ልጅ እያለሁ እንደ ትልልቅ ሰዎች ክርክር የሚያንገሸግሸኝ ነገር አልነበረም። በተለይ የአባቴና የጋሽ ቶሎሳ ክርክር። አባቴ አዳማ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው። ጋሽ ቶሎሳ የእናቴን ታናሽ እህት አስቴርን አግብቶ ከወንጂ ወዲያ፣ አዋሽ ማዶ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማ ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው ሳይከራከሩ የተለያዩበትን ቀን አላስታውስም። ሐብሐብ በቁመቱ ነው ወይስ በወርዱ የሚቆረጠው ብለው ይከራከራሉ። አባቴ ኦርቶዶክስ፣ ጋሽ ቶሎሳ ጴንጤ ስለነበሩ ማዕድ ማን ይባርክ የሚለው ብቻ ወጡን ያቀዘቅዘው ነበር። እኛ ልጆች ታጥበን፣ እጃችን በራሱ ጊዜ ደርቆ፣ ትሪው ላይ እንዳፈጠጥን እንቀራለን።

ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን አክስቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። ያን ቤት እወደው ነበር። ነፋሱ ከወንጂ በኩል ሲመጣ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ሲዞር ደግሞ የረጠበ አፈርና የሽንኩርት ቅጠል ይሸታል። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሸንኮራ በጥርሳችን ስንልጥ እንውልና ማታ ከንፈራችን ቆስሎ ወጥ ሲነካው እናለቅሳለን። በነጋታው ያው ነው።

ጋሽ ቶሎሳ ምርቱን ወደ ወንጂ የሚያሻግርበት ጀልባ ነበረው። ጀልባ ካልነው ነው። ባዶ በርሜሎችን ጎን ለጎን አስሮ፣ በላያቸው ሳንቃ የመታበት ሰፊ ነገር ነው፤ ሞተር የለው፣ መቀመጫ የለው። በበጋ ወንዙ ሲተኛ ሁለት ሠራተኞች በረጃጅም ዘንግ የወንዙን ወለል እየገፉ ያሻግሩታል። ክረምት ሲገባ ግን አዋሽ ሌላ ሰው ይሆናል። ያኔ ቀጥ ብሎ መሻገር የለም። መጀመሪያ ጀልባውን ከዳር በገመድ እየጎተቱ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ መምጫ፣ ዳር ላይ እስካለው ትልቅ ሾላ ድረስ ያወጡታል። ከዚያ ፊቱን ወደ ላይ አቅንተው ይለቁትና፣ ውሃው ወደ ታች ሲወስደው እነሱ ወደ ማዶ ሲገፉት፣ መውረጃው ላይ ይደርሳል። መውረጃው ካመለጠ ከዚያ በታች ያለው ቁልቁል ገደል ነው።

የዚያን ዓመት አክስቴ ቀኗ ደርሶ ነበር። ውሃው ሳይሞላ አዳማ እኛ ቤት መጥታ እንድትጠብቅ አባቴ በየሳምንቱ እየመጣ ይናገራል። ጋሽ ቶሎሳ በየሳምንቱ «ነሐሴ ሳይጋመስ አዋሽ አይሞላም፤ ውሃውን እኔ አውቀዋለሁ» ይላል። አባቴ ደግሞ ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሶ እሷን ይዞ እንደመሄድ ስለ ውሃ ባሕርይ ክርክር ይገጥማል። ሲከራከሩ ይመሻል፤ አባቴ ይሄዳል፤ አክስቴ ትቀራለች። እናቴ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትል ነበር፤ እነዚህን ግን እያከራከረ ሊወስዳቸው ነበር።

በመጨረሻ አባቴ አንድ ጠዋት ፒክአፑን ወንጂ በኩል አቁሞ፣ በጀልባው ተሻግሮ ሊወስደን መጣ። ራቅ ብሎ ወዳለው ድልድይ የሚያስኬደው መንገድ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ሠራተኞቹ እሱን እንዳደረሱት የየራሳቸውን ቤት ለማዳን ሮጡ። ምሳ ሳንበላ ውሃው ከሽንኩርቱ መደብ ጫፍ ደረሰ። አክስቴ ወገቧን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈችና «በሉ፣ መጥቷል» አለች። መጀመሪያ ስለ ውሃው የተናገረች መስሎኝ ነበር።

ጀልባው ላይ ፍራሽ አነጠፉላት። እኔ ጃንጥላ ይዤ ራስጌዋ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶች ወጥተው ገመዱን ያዙ፤ «ሃርኪሳ! ሃርኪሳ!» እየተባባሉ በጭቃው ውስጥ መጎተት ጀመሩ። ትንሽ እንደሄድን አባቴ አስቆማቸው።

«እዚህ ይበቃል» አለ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሾላው ጋ ካልደረስን መውረጃው ያመልጠናል» አለ ጋሽ ቶሎሳ።

«ሾላው ጋ እስክንደርስ ልጅቷ እዚሁ ትወልዳለች!»

ዝናቡ ይወርዳል፤ አክስቴ ጥርሷን ነክሳለች፤ ገመድ የያዙት ሰዎች ክርክሩ እስኪያልቅ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት መሀል ገቡና «መሀሉ ላይ አድርጉት» ብለው ፈረዱ። እንግዲህ ሾላው ጋም ያልሆነ፣ አባቴ ያለው ጋም ያልሆነ፣ ለማንም የማይጠቅም ቦታ በሽምግልና ተገኘ። ከዚያ ገመዱን ጀልባው ላይ ወርውረው ለቀቁን።

ውሃው እንደ አተላ ደፍርሶ ነበር። ግንድ ይዞ ይመጣል፣ ጄሪካን ይዞ ይመጣል፤ አንዲት የሞተች ፍየል በአጠገባችን አለፈች። በርሜሎቹ ከሥራችን ያጓራሉ። ወንዙ መሀል ስንደርስ ዘንጉ ወለሉን መንካት አቆመ፤ የጀልባው ፊት ወደ ታች ዞረ።

«ወደ ግራ!» ብሎ ጮኸ አባቴ።

«የማን ግራ?» አለ ጋሽ ቶሎሳ፤ ፊት ለፊት ነበር የቆሙት።

አባቴ ሊያስረዳው እጁን ሲያነሳ ዘንጉን ውሃው ነጥቆት ሄደ። መውረጃው በዓይናችን ሥር አለፈ። ፒክአፑ ዳር ላይ ብቻዋን ቆማ አየኋት፤ እንዲህ ቅርብ ሆና እንዲህ የራቀችኝ ነገር የለም። እነሱ ግን እሷን አላዩም። «ሾላው ጋ ብንሄድ ኖሮ!» ይላል አንዱ። «በጊዜ ብትልካት ኖሮ!» ይላል ሌላው። በዘጠኝ ዓመቴ ሁለቱንም ገፍቼ ውሃ ውስጥ ልጨምራቸው የቃጣኝ ያኔ ነው።

ጀልባው በወንጂ በኩል፣ ገደሉ ሥር ውሃ ከዋጣቸው ግራሮች ጋር ተላትሞ ቅርንጫፍ መሀል ተሰነቀረ። አክስቴ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል።

«ስሙኝ» አለች። «ከእንግዲህ አንድ ቃል የተናገረ ሰው ልጁን አላሳየውም። በእግዚአብሔር ስም ነው የምላችሁ። ቶሎሳ፣ አባትም ብትሆን አላሳይህም። ጋሼ፣ እርስዎንም ጭምር!»

ጸጥ አሉ። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ከግራር ወደ ግራር ቅርንጫፍ እየያዙ ጀልባውን ከዳሩ ሳይለቁ ወደ ላይ መሳብ። ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ በጣቱ አንዱን ዛፍ ሲያሳይ ጋሽ ቶሎሳ በአገጩ ሌላውን አሳየ። ጣትና አገጭ መመላለስ ሲጀምሩ አክስቴ ዓይኗን እንደጨፈነች «አይቻችኋለሁ!» አለች።

እሾሁ የሁለቱንም መዳፍ በላው። ጋሽ ቶሎሳ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አባቴም እንደዚያው፤ አንዱ ኢየሱስን፣ አንዱ ገብርኤልን እየጠራ እንደነበር አሁንም እርግጠኛ ነኝ። የመጨረሻው ግራር ከመውረጃው ራቅ ስላለ ጋሽ ቶሎሳ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወደ ውሃው ገባ። ደረቱ ድረስ፣ ከዚያም አንገቱ ድረስ። ከዚያ ጠፋ።

«ቶሎሳ!» ብሎ ጮኸ አባቴ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። «ወንድሜ! ቶሎሳ፣ ወንድሜ!»

በሁለት እጁ ገመዱን ይዞ ሳንቃው ላይ ወደ ኋላ ተጋደመ። ጃንጥላውን ጥዬ ወገቡን ያዝኩት። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ገመዱ ላላ፣ እንደገና ተወጠረ፤ ጋሽ ቶሎሳ ጭቃ እየተፋ፣ ዳሩ ላይ ያለ የዛፍ ሥር ጨብጦ ብቅ አለ። መውረጃው ላይ ቆሞ ሳበን። አክስቴ ማን ቃል እንዳፈረሰ አልጠየቀችም። እያለቀሰች ነበር።

ፒክአፑ በአገዳው መሀል በሚያልፈው ጭቃ ላይ እየተንሸራተተች ወንጂ ጤና ጣቢያ አደረሰችን። ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ ተወለደች። እኔ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በሁለቱ መሀል ተቀምጬ ነበር። ነርሷ «እናትም ልጅም ደህና ናቸው» ብላ ገና በሩን ስትዘጋው ጋሽ ቶሎሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሾላው ጋ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ጋሽ ታደሰ…»

ልጅቷን አክስቴ ሰላም አለቻት። ምን እየለመነች እንደሆነ ለሁላችንም ገባን።

አሁን እዚያ ቦታ ሰፊ የኮንክሪት ድልድይ አለ። ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው ከስልኩ ቀና ሳይል አዋሽን ይሻገራል። ሰላም ራሷ የልጆች እናት ሆናለች። ጋሽ ቶሎሳ ባለፈው ዓመት አረፈ።

በቀደም አባቴን ይዤ አክስቴን ልንጠይቅ ሄድን። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። አባቴ እንደወትሮው ፍጥነቴን ይተቻል፣ መታጠፊያውን ያርማል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላለም። ድልድዩን ስንሻገር በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ውሃውን ያይ ነበር። ሆን ብዬ የተሳሳተውን፣ ዙሪያ ጥምጥም የሆነውን መንገድ ያዝኩ። ዝም። እኔው ብስጭት አልኩ።

«አባዬ፣ በዚህ ልሂድ ወይስ ልመለስ?» አልኩት፤ ያን ሁሉ ዘመን ያስመረረኝን ክርክር እየለመንኩ።

በመስኮቱ ወደ ሽንኩርቱ እያየ «እንደፈለግሽ፣ ልጄ» አለኝ።