የቲቸር ገመቹ የጫጩት ቆጠራ

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ የድስት ቂጥ በአመድ ስትፈገፍግ አጠገቧ ተጎልቼ ሥራ እያስፈታኋት ሳለ፣ ያ የጥላሸት ሽታ አፍንጫዬን ይዞ እየጎተተ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ወደነበረው የመቱ ግቢያችን፣ አሥረኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት፣ ወደ ቲቸር ገመቹ ወሰደኝ።

ቲቸር ገመቹ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነበሩ፤ ከኡካ የመጡ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸውን ከዓይናቸው ብሌን አብልጠው የሚጠብቁ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ መጽሐፉ ያመጣውን የእንግሊዝ አገር የእሳት ራት አነበቡና ዘግተው፣ “ይህን ማን አይቶታል? ጩሉሌን የማያውቅ ግን እጁን ያውጣ” አሉ። ጩሉሌ ጭልፊት ነው፤ የእኛ ሰፈሩ ደግሞ ክንፉን ሲዘረጋ ገበያው የሚጨልም፣ ጫጩት ቢያጣ ጥጃ የማይንቅ ነበር። ከአንዲት ዶሮ ሥር ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ገብስማውም፣ ወሰራውም ለምን እንደሚፈለፈል ካስረዱን በኋላ፣ የትኛው መልክ እንደሚተርፍ በየግቢያችን ለአንድ ወር ቆጥረን እንድናመጣ አዘዙ። “አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፤ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ።”

የእናቴ ዶሮ ከፈለፈለቻቸው አሥራ አንድ ጫጩቶች ሁለቱ ነጭ ነበሩ። አንዷን ጩሉሌ በመጀመሪያዋ ቀን ወሰዳት። የቀረችው የስድስት ዓመቷ የእህቴ የትርንጎ ነፍስ ነበረች፤ ምግብ አልበላም ብላ፣ እኔና ጩሉሌ ቀጠሮ የያዝን ይመስል “ነገ የሷ ተራ ነው?” እያለች ስትጠይቀኝ አንጀቴ አልቻለም። የድስት ጥላሸት ፍቄ በዘይት ለወስኩና ጫጩቷን ቀባኋት፤ የከሰል ነጋዴ ልጅ መሰለች። በሰንጠረዤ ላይ ግን አራቱንም ሳምንት “ነጭ፦ አንድ፣ በሕይወት አለች” ብዬ ጻፍኩ።

ውጤቱ ሲሰበሰብ የክፍሉ ነጭ ጫጩት በሙሉ አልቆ የተረፈችው የእኔዋ ብቻ ሆና ተገኘች። ቲቸር ገመቹ ዓይናቸው በራ። “ይህቺ የተለየ ጠባይ አላት፤ መደበቅ ታውቃለች! ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ።” “ቲቸር፣ የእኛ ሰፈር ጭቃ ሰው ይውጣል” ብል ማን ሰምቶኝ። ቅዳሜ፣ ዓሣ እንኳ ጃንጥላ በሚይዝበት በዚያ የመቱ ዝናብ፣ ቅዳሜም የማያወልቁትን ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው መጡ።

እናቴ “ውይ ቲቸር፣ በዚህ ዝናብ! ግቡ እንጂ!” እያለች ስትርበተበት፣ እኔ ውሸት ፈልጌ ሳላገኝ፣ ትርንጎ ጫጩቷን ከደጅ በሁለት እጇ አቅፋ በኩራት አቀረበችላቸው። ዝናቡ ግማሹን አጥቦታል፤ ጥቁሩ በጣቶቿ መሀል ይንጠባጠባል። ጫጩቷን አዩ፣ እኔን አዩ።

“ቁጥርህ ውሸት ነው” አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ የገደለኝም እሱ ነው። ደብተሬን ተቀብለው አራቱን ሳምንት ሰረዙት። አሁን ጫጩቷን አጥበው ለጩሉሌ ሊለቋት ነው ብዬ ነበር፤ ትርንጎም እንደዚያው ሳይመስላት አልቀረም፣ ደረቷ ላይ ለጥፋት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ፊቷ ቁጢጥ አሉ። “አታልቅሺ እናቴ። ጩሉሌ የመረጠው አለ፤ አንቺም የመረጥሽው አለ።” ወደ እናቴ ዞረው፣ “እትዬ፣ ጥላሸት ይኖራል?” አሉና ዝናብ ያጠበውን በገዛ እጃቸው መልሰው ቀቡት። ጋዋናቸው ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ገብስማ ሆኖ ቀረ። ሰኞ፣ ስሜን ሳያነሱ፣ ተፈጥሮ ሲመርጥና ሰው ሲመርጥ ልዩነቱ ምን እንደሆነ አስተማሩን።

ትርንጎ ዛሬ ዳሪሙ ወረዳ አግብታ ሦስት ወልዳለች። ቲቸር ገመቹ አርፈዋል። እኔ፣ የልጅነቴን ዋሾ የሚያውቅ ቢስቅም፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኛለሁ። አምና ተማሪዎቼን ባቄላ አብቅለው ቁመቱን እንዲመዘግቡ አዝዤ፣ አንዲት ልጅ ሃያው ባቄላ ሁሉ እኩል የሆነበት ሰንጠረዥ አመጣችልኝ። ለምን እንደዋሸች ሳልጠይቅ በቀይ ሰርዤ ደብተሯን መለስኩላት። ቤቷ ከትምህርት ቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ዝናብም አልነበረም።