ተቆረጠ የተባለው ድምፅ

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ የተኮሰችውን ሴት የሥራ ጓደኞቿ «ካውያ» ነው የሚሏት። ቶሎ ትግላለች፣ ቶሎ ትበርዳለች። አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ያ ቀይ ሽፋን ያለው የድሮ አልበም፣ የሶልና የሮክ ስልት የተቀላቀለበት፣ አገር ምድሩ በቃሉ የሚያውቀው፣ ሚኒባስ ውስጥ ከተከፈተ «ወራጅ አለ!» ብላ ቀሪውን መንገድ በእግሯ ትኳትናለች።

ምክንያቱን የሚያውቁት እሷና ታላቅ እህቷ ብቻ ነበሩ። በሃያ ሦስት ዓመቷ ከእህቷ ጋር ለዚያ አልበም ተቀባይ ሆና ስቱዲዮ ገብታ ነበር። ቀረጻው እንዳለቀ ትኩሳት ጣላትና የተጠናቀቀውን ለመስማት እህቷ ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ያንቺን ድምፅ አውጥተውታል። የዛገ በር ሲከፈት ይመስላል አሉ፤ ሌላ ልጅ አስገቡ» አለቻት። ካውያ ከዚያ ወዲህ አፏን ከፍታ አልዘፈነችም፤ አልበሙንም አልሰማችም።

በዚህ ዓመት የሆስፒታሉን አንሶላ የሚያመላልሰው ሾፌር አንድ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ገዛ። ሰኞ ጠዋት የዚያን ቀይ አልበም ሸክላ በብብቱ ይዞ መተኮሻው ክፍል ከች አለ።

«ማዘር፣ ስምሽ እዚህ ጀርባው ላይ ምን ይሠራል?»

«በስህተት የቀረ ነው። ድምፄን ቆርጠውታል።»

«ሰምተሽዋል?»

«ተነግሮኛል።»

ሾፌሩ ትክ ብሎ አያት። «እንግዲያው ቅዳሜ ከነማጫወቻው ቤትሽ ይዤው እመጣለሁ። እንቢ ብትዪም እመጣለሁ።»

እውነትም መጣ። እህትማማቾቹ የሚኖሩት ከእናታቸው በወረሱት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ታላቅየዋ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀዩን ሽፋን ስታይ ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ።

«ዛሬ ራሴን ይዞኛል፤ ጫጫታ አልችልም» አለች።

«እትዬ፣ አንድ ፊቱን ብቻ» አለች ካውያ። እውነቱን ለመናገር ራስ ምታቱን ሰበብ አድርጋ ብትተወው እሷም ደስ ባላት ነበር።

የማጫወቻው መርፌ ሸክላው ላይ አረፈ። ድራሙ ፈነዳ፣ ቤዙ ወለሉን አንቀጠቀጠው፣ ሊድ ጊታሩ እንደ ሰው ጮኸ። ካውያ ግን ከዘፋኙ ኋላ ያሉትን ድምፆች አንድ በአንድ ትለቅማለች። የእህቷን ቀጭን ድምፅ ወዲያው ለየችው። ከሥሩ ያለውን ግን ጊታሩ ዋጠው። ሁለተኛው ዘፈን አለፈ፤ ሦስተኛውም። ታላቅየዋ አንዷን ድንች ልጣ ልጣ የጣት ያህል አድርሳታለች።

አራተኛው ዘፈን ላይ ድራሙ ዝም አለ። ኦርጋኑ ብቻውን ቀረ። ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ አንድ ወፍራም፣ ሻካራ የሴት ድምፅ ያለ ቃል ከሥር ብድግ አለ።

ካውያ ክው አለች። በቀረጻው ቀን ጫማሽ ይንቋቋል ብለው በካልሲ አቁመዋት፣ ሌላውን ሰው ሁሉ አስወጥተው፣ ብቻዋን ያስቀረጿት ይኸው ድምፅ ነው።

«እትዬ፣ ይቺ ማናት?»

ሾፌሩ ነገሩ ስላላማረው እጁን ወደ መርፌው ሰደደ።

«እንዳትነካው!» አለች ካውያ፤ ጩኸቷ ከሸክላው የሚወጣውን የራሷን ድምፅ ሸፈነው።

ዘፈኑ አለቀ። ከዚያ ታላቅየዋ ዓይኗን ከድንቹ ሳታነሳ ተናገረች።

«ባንዱ ለኮንሰርት ስድስት ወር ይዘናት ከከተማ ከተማ እንዞራለን አሉኝ፤ አንቺን ብቻ። እናታችን አልጋ ላይ ነበረች። ብቻዬን ከሷ ጋር መቅረት ፈራሁ። ‹አትመጣም› ብዬ መለስኳቸው። እማዬ ሲሻላት እነግርሻለሁ ብዬ ነበር፤ ሳይሻላት ሞተች። ከዚያ በኋላ ከየት ልጀምረው?»

«የዛገ በር ያለውስ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ካውያ ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ገልብጠው» አለችው። እህቷ ተነስታ እንዳትሄድ በዓይኗ ይዛ ሌላውን ፊት እስከ መጨረሻው አሰማቻት።

ይቅር አላለቻትም፤ ቤቱንም ጥላ አልሄደችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግቧን ክፍሏ ይዛ ገባች። ታላቅየዋ በር ላይ ቆማ ስታናግራት በሩን ትዘጋባታለች። በሦስተኛው ሳምንት እሁድ ጠዋት ወጥታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች።

«የት የት ነበር ሊወስዱኝ ያሰቡት?»

ታላቅየዋ አልዘነጋችውም። አሥራ አንዱንም ከተማ በቅደም ተከተል፣ አንድም ሳትዘል ነገረቻት። ካውያ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ሰማቻት። ስትጨርስ፣ «እንደገና ንገሪኝ» አለቻት፤ «ቀስ ብለሽ።»